ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በፍርሃት

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል፣ እታለም? ጤናሽ እንዴት ይዞሻል? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ ወይስ አሁንም ጫማ አላስገባ ብሎሻል? ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከኩላሊት እጥበቱ ስትመለሺ የሚያንቀጠቅጥሽ ብርድ ቀነሰልሽ? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ እንዴት ነው? እማዬ እንደምን ናት? ባለቤትሽ ጋሼስ? ልጅሽስ? የቤቱ ሰው ሁሉ ከነጎረቤቱ እንደምን ከርሟል? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ እንዳልልሽ፣ ደኅና አይደለሁም። አልታመምኩም፣ አትደንግጪ። ፈርቼ ነው። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ይህን የምጽፍልሽ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ ነው። ወዳንቺ እየመጣሁ ነው። ከመሬት ከተነሣን ግማሽ ሰዓት ሆኖናል። ፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ስክሪን አለች። እኔ ከምኖርበት ከተማ አንቺ እስካለሽበት ከተማ በአየር ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ብላ ጽፋ፣ የቀረውን በየደቂቃው እየቀነሰች ታሳየኛለች። አሁን አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ትላለች። ከደብዳቤው ጋር አብረን እንደምንደርስ አውቃለሁ። ታዲያ ምን አስጻፈህ ብትዪኝ፣ ፊትሽ ቆሜ የማልናገረው ነገር ስላለኝ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየሽ እውነት ተናግሬ እንደማላውቅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የስኳሩን ማሰሮ የሰበረው ድመቱ ነው ብዬ የማልኩልሽ እኮ ድመት በሌለበት ቤት ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ የሰጡኝ ጎኔ የተቀመጡ እናት ናቸው። አርባ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ውጭ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር የወንበሩን መደገፊያ የያዝኩ መስሎኝ የእሳቸውን ክንድ ጨምድጄ ይዤ ኖሯል። አየር ላይ ወጥተን ስንረጋ ነው ያወቅኩት፤ አምስቱም ጣቶቼ ክንዳቸው ላይ ታትመዋል። ይቅርታ ስጠይቃቸው ክንዳቸውን እያሻሹ ወዴት፣ ወደ ማን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው መሐሉን ገነጠሉና፣ በል ወደምትሄድባት እህትህ ጻፍ፣ እስክሪብቶ የያዘ እጅ የሰው ክንድ አይሰብርም አሉኝ። እነሆ እየጻፍኩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ወደ ሰው አገር የመጣሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ደርሼ ስደውልልሽ መንገዱ እንዴት ነበር ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት አልኩሽ። አልተኛሁም ነበር፣ እታለም። ከተነሣን በአምስተኛው ሰዓት አውሮፕላኑ ወደቀ። ተንገጫገጨ አላልኩሽም፤ ወደቀ ነው የምልሽ። ሆዴ ጣሪያው ላይ ቀርቶ እኔ ወደ ታች የወረድኩ መሰለኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቀበቶውን ፈትቶ ነበርና ጭንቅላቱ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። መብራቱ ጠፋ። ከኋላዬ አንዲት ሴት የልጇን ስም እየደጋገመች ትጣራለች፤ ልጇ ግን እቅፏ ውስጥ ነበር። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ተስተካከለ። አብራሪው በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠየቀ፣ አስተናጋጆቹም ሻይ አደሉን። ሰው ሁሉ ሻዩን ጠጣ፤ ወዲያው ያንኮራፋም ነበር። እኔ ስወርድ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጄ ይዤ ነው የወረድኩት። ያን ቀን ሁለተኛ አውሮፕላን ብሳፈር ብዬ በአባዬ ስም ማልኩ።

ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅብኛል። የፎቅ መስታወት አጽጂ ነኝ። ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ ምሳዬን እበላለሁ። ነገር ግን እዚያ ቋጠሮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከመውረዴ በፊት በጣቶቼ ዳስሼ፣ ስቤ፣ እንደገና ዳስሼ ነው። ገመድ ያዡ ጓደኛዬም ከጣሪያው ጫፍ ሆኖ ወደ ታች ያየኛል፤ ቀና ስል ፊቱን አገኘዋለሁ። እዚህ ምኑን ልዳስስ? ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው ከዝግ በር ጀርባ ተቀምጦ ይነዳናል፤ ከጫማዬ በታች አሥር ኪሎ ሜትር ባዶ ነው።

አንቺ ከታመምሽ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው የእኔን ወገን ብቻ ነው። እማዬ በዕድሜዋ ምክንያት አይሆንም ተባለች፣ የጋሼ ደም አልገጠመም። እኔ እዚህ ስመረመር ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና፣ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች እንኳ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥሙም አለኝ። ደስታዬ ሌላ ነበር፤ እጁን ይዤ ሳምኩት። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ መሐል ስደርስ ነው ሐሳቡ የመጣብኝ። አንቺ መንገድ እንደማትችዪ ሐኪምሽ ተናግሯል፤ ቀዶ ጥገናው እዚያው አንቺ ዘንድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። አንዲት ነርስ አይታኝ ውኃ አመጣችልኝ፤ በአንድ ኩላሊት ሰው መቶ ዓመት ይኖራል፣ አትፍራ እያለች አጽናናችኝ። አመስግኜ ውኃውን ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ወር ዋሸሁሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁሽ። ፈቃድ አልሰጡኝም ያልኩሽ ሐሰት ነው፤ አለቃዬ ወረቀቱን የፈረመልኝ በጠየቅኩት ሳምንት ነው፤ ከዚያም በየሰኞው፣ አንተ ሰው አልሄድክም እንዴ ይለኝ ነበር። ፓስፖርቴ እድሳት ላይ ነው ያልኩሽም ሐሰት ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እውነቱ በየብስና በባሕር የምመጣበትን መንገድ እየፈለግኩ ነበር። አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ሰውዬው ካርታ ዘርግቶ አምስት ድንበር፣ አንድ መርከብ፣ ከሠላሳ ቀን በላይ ቆጠረልኝ፤ ከአምስቱ ድንበር ሁለቱ ዝግ ናቸው። ለምን በስምንት ሰዓት በረህ አትደርስም ቢለኝ፣ አገር እያየሁ ልሂድ ብዬ ነው አልኩት። አንቺ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ተኝተሽ እኔ አገር ሳይ ይታይሽ።

አንድ ቀን ጋሼ ትዕግሥቱ አለቀ። ቢላውን ፈርተህ ከሆነ እንደ ወንድ ንገረንና ሌላ ሰው እንፈልግ አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ስልኩን ዘጋው። ደውዬ አላረምኩትም። እግዜር ይይልኝ፣ ቢላ አልፈራም፤ ዛሬ ቢቀዱኝ ዓይኔን አላሽም። ግን አሮጊትና ሕፃን የሚሳፈርበትን ነገር ፈራሁ ከምል፣ ቢላ ፈራ ብባል የተሻለ መስሎኝ ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናቴም ለእህቴም አልሆንኩ።

ከዚያ ልጅሽ ደወለችልኝ። ይህን አታውቂም፤ አውቀሽም እንዳትቆጫት። ከምሳ በኋላ ነበር፤ አንድ ትልቅ ቢሮ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥያለሁ። ስልኩ ያንቺ ቁጥር ስለነበር እጄ በሳሙና እንደተነከረ አነሣሁት። አንቺ ተኝተሽ ኖሯል፤ እንዳትሰሚያት በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ስለ ትምህርቷ ነገረችኝ፣ ስለ ጫማዋ ነገረችኝ፣ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አጎቴ፣ የኔ ኩላሊት ገና ትንሽ ናት አሉኝ። ስንት ዓመት ሲሞላኝ ነው ለእማዬ የምትበቃት?»

እታለም፣ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ አንድ ሠራተኛ ከወረቀቱ ቀና ብሎ እያየኝ ነው፤ እኔ አረፋ ባለበት መወልወያ ፊቴን እጠርጋለሁ። አንቺ አታስቢ፣ የእኔ ትልቅ ናት፣ ይዤላት እየመጣሁ ነው አልኳት። መቼ አለችኝ። ቀኑን ቆርጬ ነገርኳት። ከገመዱ ወርጄ በሥራ ልብሴ ሄድኩና ትኬት ቆረጥኩ።

ያ ትኬት የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ የነበረው ነው። አንቺ እጥበት ላይ ስለነበርሽ ጋሼና ልጅሽ ናቸው ሊቀበሉኝ የመጡት፤ ልጅሽ በካርቶን ላይ «አጎቴ» ብላ ጽፋ ይዛ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው አውሮፕላኑ ተበላሽቶ በረራው ተሰረዘ ብዬ የደወልኩት። አልተሰረዘም። ተሳፍሬ ነበር፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀበቶ አስሬ ነበር። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጆሮዬ ደነቆረ። ተነሥቼ ቆምኩ። አስተናጋጇ መጥታ ታመሃል ወይ ስትለኝ፣ እኔ አይደለሁም የታመምኩት፣ እህቴ ናት አልኳት። ምን እንደተረዳች አላውቅም፤ አወረዱኝ። ሻንጣዬን ከስንቱ ሻንጣ መሐል እስኪፈልጉ ያ ሁሉ መንገደኛ አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ መስታወቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ አየሁት። ምንም አልሆነም። ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እዚያም በሰዓቱ ደርሷል። ጋሼ እኮ ያረፈውን አውሮፕላን በዓይኑ ሳያይ አልቀረም። እሱ ግን ስደውልለት ያለኝ ምን መሰለሽ? እንኳንም ሳትሳፈር ተበላሸ፣ እንኳንም እግዜር አወጣህ ነው ያለኝ። አንቺም በማግሥቱ፣ ድምፅሽ ዝሎ፣ ሕይወትህ ትበልጣለች፣ አትቸኩል ብለሽ አጽናናሽኝ። አንቺ፣ ሦስት ደረጃ መውጣት ያቃተሽ፣ እኔን። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ስልኬን ያጠፋሁት ለዚህ ነው።

እውነቱን የነገርኩት ለገመድ ያዡ ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልሳቀም። ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። እሑድ ቤቴ መጣና አልጋዬ ላይ ተቀመጠ፤ በል ትኬቱን አሁን፣ ፊቴ ግዛ አለኝ። ዛሬ ጠዋት እስከ መግቢያው ድረስ ሸኘኝ፤ ልንለያይ ስንል የቤት ቁልፌን ተቀበለኝ። ዛሬ አልጋህ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ከእህትህ ቤት ካልደወልክልኝ ለማንም በር አልከፍትም፣ ለአንተ ደግሞ በተለይ አለኝ። የሚያደርገው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ብመለስ የምገባበት ቤት የለኝም።

እንዲያም ሆኖ ዛሬም በሩ ሊዘጋ ሲል እጄ ሳላዘው ቀበቶውን ፈታ። ያ ነገር ደረቴ ውስጥ እንደገና ሊበጠስ ነበር። ብድግ ልል ስል አዋላጇ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ ስለ ዕቃ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው፦

«ልጄ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልፈራች ወላድ አላየሁም። ሁሉም ፈርተው ነው የወለዱት።»

አሉኝ። ማን ነገራቸው? ያኔ ስለ አንቺ ገና አልነገርኳቸውም። ቁጭ አልኩ፤ ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩልኝ፤ በሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅር በይኝ። የቀበቶ ምልክቱ በርቷል። ስክሪኗ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ትላለች፤ ልክ መሐል ላይ ነን ማለት ነው፣ ከየትም ሩቅ ነን። ክንፉ ሲወዛወዝ ይታየኛል። የሻንጣ ሣጥኖቹ ሁሉ ይንቋቋሉ። አስተናጋጆቹ ጋሪያቸውን አስገብተው እነሱም ተቀመጡ፤ እነሱ ሲቀመጡ ነው ይበልጥ የፈራሁት። ከኋላ አንድ ልጅ በወረድን ቁጥር ይስቃል፤ ዥዋዥዌ መስሎት ነው። ጥርሴ ይንገጫገጫል። አዋላጇ ጻፍ፣ አታቁም ይሉኛል።

አሁን ወረደ። ጮኼያለሁ መሰለኝ፤ ሰው ዞሮ አየኝ።

እታለም፣ ምናልባት ባንደርስ ይህን ሳልነግርሽ መሞት አልፈልግም። ትልቁ ውሸቴ ያ አይደለም። አባዬ የሞተ ጊዜ ነው። አለቃዬ ከለከለኝ፣ ብወጣ ሥራዬን አጣለሁ ብዬሽ ነበር። የከለከለኝ የለም። አለቃዬ የሐዘን ፈቃድ ሰጥቶኝ፣ በመኪናው እስከ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶኝ፣ እንባውን እየጠረገ ነው የተመለሰው። ሦስት ጊዜ ሰልፍ ገባሁ፤ ሦስት ጊዜ ተራዬ ሊደርስ ሲል ከሰልፉ ወጣሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ መጋረጃዬን ዘግቼ ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። አባታችን ሲቀበር እኔ እንደ ሌባ ተደብቄ ነበር። አንቺ ደግሞ እዚያ ለቀስተኛው መሐል፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ የወንድሜ ብቸኛ ወንድ ልጅ የት አለ፣ አባቱን አፈር የማያለብስ ምን ልጅ ነው ቢሉ፣ ከተቀመጥሽበት ተነሥተሽ ወንድሜን የሰው አገር ሥራ ይዞት ነው፣ በእሱ የሚመጣብኝን አልወድም ብለሽ ሞገትሻቸው። በእኔ ሰበብ አጎታችንን አምስት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልሻቸውም። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፣ እታለም። ልክ ነበሩ። የተጣላሻቸው ለውሸት ነው። እማዬም እስከ ዛሬ ጧትና ማታ የምትረግመው አለቃዬን ነው፤ ሰውዬው ወገቡን የሚያመው ነገር የእሷ እርግማን ደርሶበት ይሆናል እያልኩ እሳቀቃለሁ።

ይኸው ነው። ተናገርኩ።

ትንሽ አርፌ ልቀጥል። ስክሪኗ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ትላለች። መንቀጥቀጡ ቆሟል። የእኔ ግን አልቆመም፤ ላቤ ወረቀቱን እያረጠበ ነው። ምሳ አድለው ነበር፤ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም፤ ዳቦዬን አዋላጇ በሶፍት ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። አሁን ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነው፤ እንዳላነቃቸው ክንዴን ሳላንቀሳቅስ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አውሮፕላኑ ሲወርድ፣ ከጩኸቴ በኋላ፣ እጄ የት እንደነበር ታውቂያለሽ? ጎኔ ላይ ነበር። በግራ በኩል፣ ከጎድኔ በታች፣ ሐኪሙ እዚህ ነው ብሎ በጣቱ ያሳየኝ ቦታ ላይ፤ በሁለት እጄ ደግፌ ይዤዋለሁ። እንቁላል የያዘ ሰው እንዴት እንደሚሄድ አይተሻል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ለራሴ ነበር። አሁን ግን የሰው ዕቃ ይዣለሁ። ይህ ነገር ፍርሃቴን ያቀለለው እንዳይመስልሽ፤ እጥፍ ነው ያደረገው። ብንወድቅ አብረሽኝ ትወድቂያለሽ። ልጅሽም ካርቶኗን ይዛ ቆማ ትቀራለች። ይህን ሳስብ ወንበሩ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ተነሥቼ የምሄድበት ደግሞ የለም።

እስክሪብቶው ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ከታች ደመና ብቻ ነበር፤ አሁን ተገልጦ መሬት ይታያል። መንገዶቹ ክር ይመስላሉ። ስክሪኗ ሁለት መቶ አሥር ትላለች፤ ጆሮዬን ደፈነኝ። አዋላጇ ነቅተው ነጠላ ጫማቸውን ከወንበር ሥር በእግራቸው እየፈለጉ ነው። መውረድ ከመውጣት ይብሳል። ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ የጠፋ እየመሰለኝ ልቤ ቀጥ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው እያሉ ለሕፃን እንደሚነገር ይነግሩኛል።

ስክሪኗ ላይ አርባ ኪሎ ሜትር ሲቀር ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። እስካሁን መሞትን ስፈራ ያላሰብኩት፤ ያንቺ ፊት።

ጎማው መሬት ነካ። አንዴ ነጠረ፣ ከዚያ ያዘ። ሰዎች ገና ሳይቆም ተነሥተው ሻንጣ ያወርዳሉ። እኔ እግሬ እስኪመለስ ተቀምጬ የመጨረሻውን እጽፋለሁ። አዋላጇ አልፈውኝ ሊወጡ ሲሉ ግንባሬን ሳሙኝና፣ እህትህ በሰላም ትገላገል አሉኝ። ወላድ መስላቸው ሳይሆን ልማድ ሆኖባቸው ነው። አሜን አልኳቸው።

እንግዲህ ሰላምታውን አንቺው አድርሺልኝ፤ ፊታቸው ስቆም አፌ የሚፈታ አይመስለኝም። እማዬን ጉልበቷን ስመሽ፣ አለቃዬን ከእርግማኗ አውጪው፣ ሰውዬው ደግ ነው በያት። ለጋሼ፣ ቢላ እንዳልነበረ ንገሪው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ባዶ እጁን ለተመለሰባት ቀን ይቅር ይበለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ደግፋ የምትወስድሽን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ከልቤ ሰላም በያት። ልጅሽን እኔው እስማታለሁ፤ አሁን ከበሩ ማዶ ቆማለች። አጎታችንን ግን አንቺ ሰላም በያቸው፣ እታለም። ከእኔ በፊት አንቺ። አባዬ መቃብር ላይ የምቆመው እሳቸው ይዘውኝ ከሄዱ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በልጅሽ እጅ ነው የምልክልሽ። እሷ ይዛልሽ ስትገባ እኔ ከነሻንጣዬ ከደጁ ውጭ እቆማለሁ። ሳትቸኩዪ አንብቢው። አንብበሽ ስትጨርሺ ግባ ብትዪኝ እገባለሁ። ዓይንህን አልይ ብትዪኝም ይገባኛል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄጄ እጠብቅሻለሁ። ወንድምሽ ሆኜም ሳልሆንም ኩላሊቱ ያንቺ ነው።

ፈሪው ወንድምሽ

ገና ካልወረድኩበት አውሮፕላን ውስጥ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን